«ያኔ የሰጠሁት ደም የት ሄደ?» ስለ ደም መመርመሪያ ኪት ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ስልኬ ላይ ደረሰኝ። መጀመሪያ እህቴ ላከችልኝ። ቀጥሎ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ። በመጨረሻ አከራዬ ላኩት፤ ከሥሩም «አንተ የምትሠራው ይሄንኑ ነው እንዴ?» ብለው ጨመሩበት። እህትንና ጓደኛን በዝምታ ማለፍ ይቻላል። አከራይን ግን አይቻልም።

ሥራዬ ላቦራቶሪ ነው። አሁን ደብረ ብርሃን ነኝ። ከዚያ በፊት ከጣርማበር በታች፣ ቆላው ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ አራት ዓመት ሠርቻለሁ።

የጽሑፉ ነገር በአጭሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሊድኬር የሚባል፣ በደም ውስጥ ያለን የእርሳስ መጠን የሚለካ ኪት ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደርጎ ነበር። ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው አራት ነገር ይላሉ። አንድ፣ ኪት ተሰበሰበ ማለት አምራቹ ማጭበርበሩን በራሱ አፍ አመነ ማለት ነው፤ ስለዚህ የትኛውም ኪት አይታመንም። ሁለት፣ ነገሩ የአሜሪካኖች ጣጣ ነው፤ እኛ ጋ ያለው ኪት መቆጣጠሪያ መስመሩ፣ ኪቱ ላይ «ሲ» ከሚለው ፊደል አጠገብ የሚወጣው ማለት ነው፣ እስከወጣ ድረስ ችግር የለበትም። ሦስት፣ የድሮ ሐኪም ዓይንና ጥፍር አይቶ በሽታ ያውቅ ነበር። አራት፣ የተበላሸ ኪት ሲገኝ ሕዝቡ ሳይሰማ በጓሮ በር መሰብሰብ አለበት፤ አለዚያ ሰው ከጤና ጣቢያ ይሸሻል።

አንደኛውና ሁለተኛው እንዴት አንድ ጽሑፍ ውስጥ ተስማምተው እንዳደሩ አልገባኝም። የትኛውም ኪት የማይታመን ከሆነ የኛው በምን ታመነ? ይሁን። በየተራ እንያቸው።

«ተሰበሰበ ማለት ተጭበረበረ ማለት ነው»

በሊድኬር ጉዳይ ጸሐፊው ካሰቡትም በላይ ልክ ናቸው። ማጭበርበር ነበረበት። ግን የቱ ጋ እንደነበረ እንይ።

እርሳስ፣ ሊድ የምንለው ብረት ማለቴ ነው፣ ሕፃን ልጅ ሰውነት ውስጥ ሲገባ አንጎልን ይጎዳል። ለዚህ ነው አሜሪካኖች የሕፃናትን ደም የሚለኩት። ማጄላን የተባለው አምራች ከማሽኖቹ አንዱ ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር እንደሚያሳይ እ.ኤ.አ. በ2013 ደርሶበት ነበር። አልተናገረም። ማሽኑን ሸጠ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከደም ሥር በተቀዳ ደም ላይ በእነዚህ ማሽኖች እንዳይጠቀሙ አስጠነቀቀ። ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት በታች የሆኑና በደም ሥር ደም ተመርምረው ውጤታቸው በዴሲ ሊትር ከ10 ማይክሮግራም በታች የሆነ ልጆች እንደገና እንዲመረመሩ ምክር ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ኪቶቹ ራሳቸው ዝቅ ያለ ውጤት ይሰጣሉ ተብሎ ተሰበሰቡ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኩባንያው ጥፋተኛ መሆኑን አምኖ 42 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

አሁን ዓመቶቹን ቁጠሩ። ማጭበርበሩ ያለው ኪቱ በተሰበሰበበት ዓመት ላይ ነው ወይስ ባልተሰበሰበባቸው ዓመታት? ያ ኩባንያ የተከሰሰው ኪት ስለመለሰ አይደለም። ማወቁን ስለደበቀ ነው። ጸሐፊው ሌባውን ትተው ሌባውን ያስያዘውን ፉጨት ነው የወነጀሉት።

ደግሞ ዕቃ ከገበያ መሰብሰብ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አሜሪካኖቹ በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል። አንደኛው ደረጃ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ሊያስከትል የሚችል ነው፤ የ2021ዱ ሊድኬር እዚህ ውስጥ ገብቷል። ሦስተኛው ደረጃ ደግሞ ጉዳት ያደርሳል ተብሎ የማይጠበቅ ነው። አንዳንዴ ዕቃው ከመደርደሪያ ሳይነሳ ጽሑፉ ብቻ ይታረማል።

ሁለት ምሳሌ ልስጥ፤ ሁለቱም ከስኳር በሽታ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ እሱን ሁላችንም ቤት እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 አቦት የተባለው አምራች 359 ሚሊዮን የሚሆኑ የስኳር መለኪያ ስትሪፖችን እንደሚሰበስብ ተነገረ። ስትሪፖቹ ደሙን በበቂ ፍጥነት አይስቡም ነበር፣ ስለዚህ ስኳሩን ዝቅ አድርገው ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ላይፍስካን የተባለው አምራች ቬሪዮ አይኪው የሚባለውን መለኪያ ሰበሰበ። ስኳሩ 1024 ሲደርስና ሲያልፍ ማሽኑ «አደጋ ነው» ከማለት ይልቅ ድርግም ብሎ ይጠፋ ነበር። ስኳሩ እዚያ የሚደርስ ሰው በጣም ጥቂት ነው። ለእነዚያ ጥቂቶች ተብሎ ግን ሁሉም ተሰበሰበ። ይህን ማጭበርበር ነው ብዬ ልጠራው አልችልም።

«የአሜሪካኖች ጣጣ ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሥራዬ ነውና።

የሊድኬር ማሽን እኔም ገጥሞኝ አያውቅም። ግን ጸሐፊው አንድ ቀን ስቶራችን መጥተው የካርቶኖቹን ጎን ቢያነቡ ደስ ይለኛል። ቻይና፣ ሕንድ፣ ደቡብ ኮሪያ፣ አሜሪካ። ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ትሠራለች፣ ቢራም ትጠምቃለች። የደም መመርመሪያ ኪት ግን ከሩቅ ነው የሚመጣላት። ፋብሪካው ውስጥ የተፈጠረ ስህተት ከኪቱ ጋር በአንድ ካርቶን ነው የሚሳፈረው።

ምሳሌ ከፈለጉ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት ደቡብ ኮሪያ የተሠራውን የባዮላይን የኤችአይቪ መመርመሪያ ከሚመከሩ ኪቶች ዝርዝሩ አወጣው። ጎረቤታችን ኬንያም ከአገልግሎት አስወጣችው። ኤችአይቪ ሲመረመር በአንድ ኪት ብቻ «አለብህ» የማይባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ጭምር ነው። የመጀመሪያው ኪት ካሳየ ሌላ ፋብሪካ የሠራው ሁለተኛ ኪት ይጠየቃል። እንደየመመሪያው ሦስተኛም ይጨመራል። እንደ ሽምግልና ነው፤ አንዱ ሽማግሌ ቢያደላ ሌላው ይይዘዋል።

ወደ መቆጣጠሪያ መስመሩ ልምጣ። ጸሐፊው «ሲ የሚለው መስመር ከወጣ ኪቱ ደኅና ነው» ብለዋል። ይህን ከባለሙያም እሰማለሁ፣ ስለዚህ እሳቸው ላይ ብቻ አልፈርድም። መስመሩ የሚነግረን ፈሳሹ ከተንጠባጠበበት ተነስቶ ጫፍ ድረስ መሄዱንና ቀለሙ መሥራቱን ነው። ብዙዎቹ ኪቶች ደም ሳይነካቸው ፈሳሹን ብቻ ቢያንጠባጥቡባቸው እንኳ ያንን መስመር ያወጣሉ። ውኃው በቦዩ ማሳው ድረስ መድረሱን ያሳያል፤ ዘሩ ስለመብቀሉ ግን ምንም አይልም።

ከዚህም የሚገርም አለ። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ተውሳክ ኤችአርፒ ቱ የሚባል ፕሮቲን ያመርታል። ብዙ የወባ ኪቶች የሚፈልጉት እሱን ነው። ኤርትራ ውስጥ ግን ተውሳኩ ያንን ፕሮቲን የሚያመርትበትን ጂን እያጣ መጣ። ሰውዬው በወባ እየተንቀጠቀጠ ኪቱ «ነፃ ነህ» ይለዋል። መቆጣጠሪያ መስመሩም ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ2016 ኪቷን ቀየረች። ተመሳሳይ ተውሳክ በኛም አገር ተገኝቷል። እዚህ ኪቱ አልተበላሸም፣ ፋብሪካውም አላጠፋም። የተለወጠው ተውሳኩ ነው።

ከፋብሪካ ደኅና ወጥቶ መንገድ ላይ የሚበላሸውስ? ይሄ ነው እኔን የሚያስፈራኝ። ብዙዎቹ ፈጣን መመርመሪያዎች ሳጥናቸው ላይ ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ይቀመጡ ይላሉ። ጠዋት ከደብረ ብርሃን ጋቢ ደርቦ የተነሳ ሹፌር ጣርማበርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጋቢውን ብቻ ሳይሆን ሸሚዙንም ማውለቅ ያምረዋል። ከ1400 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዷል። ካርቶኑ ግን ጋቢ አያወልቅም። በሸራ ታስሮ መኪናው ጣሪያ ላይ ይቀቀላል። ከዚያ ወርዶ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ስቶር ይገባል።

ቆላ እያለሁ የኛ ስቶር ግድግዳ ላይ ቴርሞሜትርና የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት ተሰቅሎ ነበር። ጠዋትና ማታ እየታየ ይጻፋል ተብሎ። አንድ ወር መጨረሻ ላይ ቀና ብዬ አየሁት። 25፣ 25፣ 25፣ 25። ሠላሳውም ቀን፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ ሳይነሱ በአንድ ቁጭታ የተሞላ። ቴርሞሜትሩ ያን ሰዓት 34 ይላል። የሞላው ልጅ ሰነፍ አልነበረም፤ ፋርማሲውንም ስቶሩንም ሪፖርቱንም ብቻውን የሚሠራ ነበር። ግን ወረቀቱ 25 እያለ ለሞቀው ካርቶን ከውጭ አገር «መልሱ» የሚል ደብዳቤ አይመጣም። ማንም አያውቅም። ጸሐፊው የሚሰበሰበውን ኪት ይፈሩታል፤ እኔ የምፈራው ማንም የማይሰበስበውን ነው።

ለነገሩ ደጋ ላይም ችግር አለ። ደብረ ብርሃን ጠዋት ከፍሪጅ ወጥቶ ወዲያው የተሠራበት ሪኤጀንት፣ ለምርመራው የሚጨመረው ፈሳሽ ማለቴ ነው፣ ልክ እንደ ሰው ነው፣ ሳይሞቅ አይሠራም። ትንሽ ቆይቶ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ መጠበቅ አለበት። ወረፋ ሲበዛ ማን ይጠብቃል?

«የድሮ ሐኪም በዓይኑ ያውቅ ነበር»

ይህን አጠር አደርገዋለሁ። ደም ማነስን የዓይን ሽፋን ገልብጦ መጠርጠር ይቻላል፣ እውነት ነው። የእርሳስ መመረዝን ግን አብዛኛውን ጊዜ ዓይንም ጥፍርም አይናገርም። ልጁ ይሮጣል፣ ይስቃል፣ ይበላል። ነፍሰ ጡር እናት ደም ውስጥ ያለ ቂጥኝም እንደዚያው ነው።

በእርግጥ ምርመራ ሁሉ ጥሩ ነው አልልም። ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ገብቶ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ሳይባል የወጣ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ለታይፎይድ የሚደረገው የዊዳል ምርመራ የሚያሳየው ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ያ ደግሞ ከድሮ ሕመም የቀረ ሊሆን ይችላል። ያ ኪት አልተሰበሰበም። የሚለውን ያደርጋል፤ ከሚችለው በላይ የምናናግረው እኛ ነን። የሳንባ ነቀርሳን በደም ፀረ እንግዳ አካል እንለያለን የሚሉ ኪቶችን ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 አትጠቀሙባቸው ብሏል።

ጸሐፊው ያላነሱትን አንድ ነገር ልጨምርላቸው፣ ለእሳቸው የሚያግዝ ነው። መጥፎ ሎትን፣ ፋብሪካው በአንድ ዙር አምርቶ አንድ ቁጥር የሰጠውን ምርት ማለቴ ነው፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጥረው በሽተኛውን ያየ ባለሙያ ነው። «ይሄ ውጤት ከዚህች ሴት ጋር አይሄድም፣ ድገምልኝ» ብሎ ወረቀቱን ይዞ ላቦራቶሪ የሚመጣ ጤና መኮንን አንዳንዴ ያናድዳል። እኔንም አናዶኛል። ግን እሱ ከሌለ ኪቱን ማን ይከሰዋል?

«ሕዝቡ ሳይሰማ ይሰብሰብ»

እዚህ ላይ ክርክር ከምገጥም ያየሁትን ልንገራችሁ።

ቆላ እያለሁ አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ። ነፍሰ ጡር እናቶች የሚመረመሩበት የቂጥኝ ኪት አንድ ሎቱ አጠራጣሪ ሆኗል፤ መስመሩ እየደበዘዘ በሽታው ያለበትን ሰው ነፃ ሊል ይችላል፤ ያላችሁን መልሱ፣ የተመረመሩትንም እንደገና መርምሩ ይላል። የስቶር ሠራተኛው ቢን ካርዱን፣ የገባና የወጣ ዕቃ የሚጻፍበትን ካርድ፣ አወጣ። ከዚያ ሎት ስምንት ሳጥን ገብቷል። ሦስቱ አለ። አምስቱ ወጥቷል። እያንዳንዱ ሳጥን 30 ምርመራ ይዟል። 150 እናት ማለት ነው።

«እነማን ናቸው?» አለ ኃላፊያችን።

መዝገቡን ገለጥኩ። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ውጤት። አለቀ። ሎት ቁጥር የሚባል ዓምድ የለም። በዚያ ላይ በዚያው ሰሞን ሌላ ሎትም ጎን ለጎን ስንጠቀም ነበር። ማን በየትኛው እንደተመረመረ መለየት አልተቻለም። ስለዚህ በ150 ፈንታ የሦስት ወሩን በሙሉ፣ ከ300 በላይ እናት መፈለግ ግድ ሆነ። መዝገቡን ስሞላ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሌላ የማላክክበት ሰው የለም።

መጀመሪያ የተሠራው ልክ ጸሐፊው እንዳሉት ነው። «ድምፅ ሳታሰሙ» ተባልን። እናቶቹ ለክትትል ኑ ተብለው ተጠሩ። ምክንያቱ አልተነገረም። አንድ ሳምንት ሙሉ የመጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለምን ይምጡ? የቀጠሯቸው ቀን አልደረሰ። ማሽላው የሚጠበቅበት ወቅት ነው። የመጣችውም ሌላ ነገር ጠርጥራ ነው የመጣችው። አንዷ «ኤድስ ተገኘብኝ አይደል?» ብላ በሩ ላይ አለቀሰች። ሕዝብ እንዳይደነግጥ ብለን የደበቅነው ነገር ይኸው አስደነገጠ።

በሁለተኛው ሳምንት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ እምቢ አሉ። እኛ በየቤቱ ፊታችንን የምናሳይ ሰዎች ነን፣ ውሸት አንሸከምም አሉ። በግልጽ መንገር ጀመሩ። የበሽታው ስም ሳይነሳ፣ የማንም ስም ሳይጠራ፣ «በእነዚህ ወራት እርጉዝ ሆናችሁ ደም የሰጣችሁ፣ መመርመሪያው ስለተጠረጠረ በነፃ ይደገምላችኋል» ብለው በየቀበሌው ተናገሩ። ቅዳሜ ገበያም ተነገረ።

ሰኞ ጠዋት ግቢው ሞላ።

ከመጡት አንዷ ሁለት ሰዓት በእግሯ ነበር የመጣችው። ወንበር ላይ ተቀምጣ ክንዷን ከመዘርጋቷ በፊት አየችኝና፣ «ዶክተር፣ ያኔ የሰጠሁት ደም የት ሄደ?» አለችኝ። እኛ ጋ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ አላረምኳትም።

«ደሙ አልጠፋም እህቴ። መመርመሪያው ነው የከዳን» አልኳት።

«እና ይሄኛውስ?»

ሳጥኑን አንስቼ ቁጥሩን አሳየኋት። ማንበብ አትችልም። ግን ጣቷን ቁጥሩ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ «እንዲህ ከሆነ መንገራችሁ ደግ ነው። ታች ሰፈር ያለችው የባሌ እህት ደግሞ ከኔ ጋር ነው የሰጠችው፣ አልሰማችም መሰለኝ» አለች። በማግስቱ ይዛት መጣች። መዝገባችን ላይ የዚያች ሴት ቀበሌ በስህተት ነበር የተጻፈው። በኛ ፍለጋ ብቻ ቢሆን አናገኛትም ነበር።

የሸሸ ሰው የለም ማለቴ አይደለም። የተሳደቡ ነበሩ። አንድ ባል መጥቶ ጮኾብናል፣ መብቱ ነው። ግን ጸሐፊው «ይሸሻል» ያሉት ሕዝብ በአብዛኛው ሌላ ሰው ይዞ ነው የመጣው። ተቆጣጣሪው አካልም ቢሆን፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማለቴ ነው፣ አጠራጣሪ ምርት ሲያገኝ ለሕዝብ ያሳውቃል። ሥልጣኑን የሚሰጠው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። 8482 የሚባል ነፃ የስልክ መስመርም አለው። ባለሙያም በሽተኛም ደውሎ መጠቆም ይችላል። በጓሮ በር የሚሠራ ሥራ ቢሆን ስልክ ባላስፈለገው።

በድጋሚ ከተመረመሩት ሁለት እናቶች ላይ በሽታው ተገኘ። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ተወጉ፣ ባሎቻቸውም ተጠሩ። ሁለቱም ገና አልወለዱም ነበር።

ያን ቀን ማታ መዝገቡን አውጥቼ፣ ማስመሪያ ስላጣሁ የኪቱን ሳጥን ጠርዝ ማስመሪያ አድርጌ፣ ከውጤቱ አጠገብ አንድ ጠባብ ዓምድ አሰመርኩ። ከላዩ «ሎት» ብዬ ጻፍኩበት። አሁን ደብረ ብርሃንም በየመዝገቡ ይህንኑ ስለማደርግ ልጆቹ «ሎጥ» እያሉ ይቀልዱብኛል።

አሥራ አንዱን እናቶች እስከ መጨረሻው አላገኘናቸውም። የአንዷ አድራሻ ላይ የተጻፈው፣ በራሴው እጅ ጽሑፍ፣ «መንገደኛ» የሚል ብቻ ነው።